እሳቱ የት አረፈ? ከጎጃም ጋን እስከ ዓለም ቢራ

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አራት ስም ያላቸው አራት ጠርሙስ ቢራዎች ያስከፈተ ሰው፣ ዓይኑን ተሸፍኖ ቢቀምሳቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሰፈር ሦስት ቤት ገብቶ ጠላ የቀመሰ ሰው ግን ሦስቱን አያምታታም። አንዱ ጠቁሮ የተቆላ እህል ይሸታል፤ አንዱ ቀላና ለስለስ ያለ ነው፤ ሦስተኛው ምላስ ሥር እስኪቀር ድረስ ይመራል። እህሉ ከአንድ ገበያ የተገዛ፣ ውሃው ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን በጠርሙስ የሚሸጠው ቢራ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንድ ወገን ነው፤ ላገር ይባላል። ፋብሪካ የሚመሰገነውም ጣዕሙ ከወር ወር ሳይለወጥ ሲቀር ነውና እንዲመሳሰሉ ይጠበቃል። ከዚህ ወገን ውጭ ግን ጥቁር ቡና የሚያስታውስ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ሙዝ ሙዝ የሚሸት፣ ከንፈር እስኪያስመጥጥ የሚኮመጥጥ ቢራ አለ። በሌላው ዓለም እነዚህን በየቤቱ እየጠመቁ፣ እየቀመሱና እያነጻጸሩ የሚዝናኑ ብዙ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሰው በቤቱ ቢራ እንዲጠምቅ የፌዴራል ሕግ የፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ከፈረሙ በኋላ ነው። ጎጃም ውስጥ ለማኅበር ጠላ ለመጥመቅ ማንም ፊርማ ጠብቆ አያውቅም።

የዓለምን የቢራ ዓይነቶች ለመረዳት ከጠላ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ይህን የምለው የአገር ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ጠላ ከነሥራው ቢራ ነው፤ ብቅል አለው፣ መራራ ተክል አለው፣ እርሾ አለው። አንዱን ቢራ ከሌላው የሚለየውም በአመዛኙ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሳቱ የት ላይ አረፈ? ብቅሉ ላይ፣ ዱቄቱ ላይ፣ ማሰሮው ላይ ወይስ ጋኑ ላይ? ምን ያህልስ በረታ? ይህን ጥያቄ ይዞ የጠላን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያየ ሰው የሌሎቹን ምሥጢር ብዙውን ያገኘዋል።

ብቅሉ ለምን አይቆላም?

ገብሱ ይነከራል፤ ውሃውን ከጠጣ በኋላ በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጫጭ ሥር ያወጣል። ገብሱ በዚህ ጊዜ ለቡቃያው ያጠራቀመውን ስንቅ ማቀበል ይጀምራል። ስንቁ ስታርች ነው፤ ስታርች ማለት ደግሞ በረጅም ክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ ተያይዞ የተቀመጠ ስኳር ነው። ቡቃያው ክሩን እንዳለ ሊበላው ስለማይችል የሚበጣጥሱለትን ኢንዛይሞች ያመነጫል። ጠማቂዋ የምትፈልገው እነዚህን ነው። እርሾም ቢሆን ስታርች አይበላም፤ የሚበላው ስኳር ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ቡቃያው ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ፣ ብቅሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

ፀሐይ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ኢንዛይም ብርቱ ሙቀት አይችልም፤ እርጥበት ባለበት ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ሥራውን ያቆማል፣ ምጣድ ላይ ከተቆላማ የሚተርፍ ነገር የለም። ለዚህ ነው ጠማቂዋ ብቅሉን ሳትቆላ፣ ለቀለምና ለመዓዛ የሚሆነውን ሌላ እህል ለብቻው የምትቆላው። አሻሮ ወይም ደረቆት የሚባለው ይኸው ነው። አንዱ ስኳሩን ያወጣል፣ ሌላው ጣዕሙን ያመጣል፤ የሥራ ክፍፍሉ የጠራ ነው።

አሻሮው ምጣድ ላይ ሲታመስ የሚሆነው፣ ዳቦ ቅርፊቱ ሲቀላና ቡና ሲቆላ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው። የእህሉ ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ተገናኝተው በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ መዓዛዎችን ይፈጥራሉ። ይህን መስተጋብር ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ምጣዱ ለስለስ ሲል የዳቦ ቅርፊትና የተቆላ ለውዝ መዓዛ ይወጣል፣ ሲበረታ የቡናና የጥቁር ቸኮሌት፣ ሲያልፍ ደግሞ የከሰል።

እንግሊዞች ይህን የሥራ ክፍፍል በወጉ የያዙት ዘግይተው ነው። በድሮ ጊዜ ብቅላቸውን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ስለነበረ አብዛኛው ብቅል ቡናማና ጭስ የነካው ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ከድንጋይ ከሰል የሚገኘው ኮክ ጭስ የሌለው ሙቀት ሲሰጣቸው ፈዛዛ ብቅል ማውጣት ቻሉ። በኋላም የውህዱን የስኳር መጠን የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው ሲገባ፣ ፈዛዛው ብቅል ከቡናማው የበለጠ ስኳር እንደሚሰጥ አወቁ። እ.ኤ.አ. በ1817 ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው ብቅል እስኪጠቁር የሚቆላ ተሽከርካሪ በርሜል ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ቢራ የሚጠመቀው አብዛኛው ፈዛዛ ብቅል፣ ጥቂቱ ጥቁር ሆኖ ነው። ይህ ዘዴ ለጎጃም እናቶች ዜና አይሆንም ነበር። ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ዛሬም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእህሉ አንድ አሥረኛ ገደማ ከሚሆን የተቆላ ገብስ ነው። ጥቁር ስለሆነ ከባድ የአልኮል መጠጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ቀለም ስለ ምጣዱ እንጂ ስለ አልኮሉ አይናገርም።

በተቃራኒው ጫፍ ፒልስነር አለ። እ.ኤ.አ. በ1842 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ፕልዘን በምትባል ከተማ፣ ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ጠማቂ በለስላሳ ሙቀት የደረቀ ፈዛዛ ብቅልን ከከተማዋ ለስላሳ ውሃና ከባቫሪያ እርሾ ጋር አገናኝቶ ወርቃማና የጠራ ቢራ አወጣ። የመስታወት ብርጭቆ እየተስፋፋ በነበረበት ዘመን ጥራቱ በዓይን መታየቱ ራሱ ገበያ ሆነለት። እኛ ዛሬ በየሆቴሉ የምንጠጣው ላገር የዚያ ዘር ነው።

የቂጣው እንቆቅልሽ

ለጠላ ለምን ይጋገራል? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ልማዱ ነው» ብሎ ነው። ለእኔ ግን ከጠላ ሥራ ሁሉ የረቀቀው ይህ ነው።

ጥሬ ስታርች በእህሉ ውስጥ ጥብቅ ቅንጣት ሆኖ ስለሚቀመጥ ኢንዛይም በቀላሉ አይደርስበትም። ውሃ ጠጥቶ በሙቀት ሲያብጥና ሲፈነዳ ብቻ ነው የሚገለጥለት። ለገብስ 60 ዲግሪን አለፍ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ በቆሎና ማሽላ ከዚያ የበለጠ ይጠይቃሉ። የቢራ ፋብሪካ የተፈጨ ብቅሉን ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። በዚህ ሙቀት ስታርቹ ይከፈታል፣ ኢንዛይሙም ገና አልሞተም። ጠባብ በር ናት። ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ቢል ስኳሩ ለእርሾ የሚመች ቀጭን ሆኖ ቢራው ደረቅ ይላል፤ ከፍ ቢል እርሾ የማይበላው ስኳር ይበዛና ቢራው ይወፍራል፣ ይጣፍጣል። የውጭ አገር የቤት ጠማቂዎች ገንዘባቸውን በቴርሞሜትር የሚያፈሱት ለዚህ ነው።

የጎጃም ጠማቂ ቴርሞሜትር የላትም፤ በዚያች ጠባብ በር ማለፍም አያስፈልጋትም። ሥራውን በሁለት ከፍላዋለች። ዱቄቱ ተቦክቶ ወፍራም ቂጣ ሆኖ ሲጋገር ስታርቹ ምጣዱ ላይ ይከፈታል። ዱቄቱ ውሃ ተርከፍክፎበት ምጣድ ላይ ሲታመስ ደግሞ እንኩሮ ይሆናል፤ እዚያም ስታርቹ ይበስላል፣ ቀለሙም አብሮ ይመጣል። ይህ ከቀዘቀዘ በኋላ ተቆራርሶ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ይደፈደፋል። ኢንዛይሙ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ፣ ግን ያለ ሥጋት፣ ለቀናት ይሠራል። እሳቱና ኢንዛይሙ ሳይገናኙ ሁለቱም ግዳጃቸውን ተወጡ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በፋብሪካ ስኳር ማውጣትና በእርሾ ማብላላት ተራ በተራ የሚሠሩ ናቸው፤ በድፍድፉ ውስጥ ግን ኢንዛይሙ ስኳሩን እያወጣ እርሾው እዚያው እዚያው ይበላዋል። ጃፓኖች ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ የሚሠሩትም ሁለቱን ባንድነት እያስኬዱ ነው፤ ለእነሱ ስታርቹን የሚበጣጥስላቸው ብቅል ሳይሆን ሻጋታ ነው።

እህሉ እንደ አገሩ ይለያያል። ጮቄ ተራራ ሥር ያለው ደጋ ገብሱን ይይዛል፤ ወደ ዳንግላና ወደ ሜጫ ሲወረድ ዳጉሳው ይበረክታል፤ ጠላውም ቀላ ይላል። በቆሎ የገባበት ቀለል ይላል። የጠላውን ወፍራም ክፍል ቀድተው ሲያበቁ ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቅራሪም በሌላ አገር ዘመድ አለው፤ እንግሊዞች ከአንዱ ብቅል መጀመሪያ ጠንካራውን ቢራ ያወርዱና በዚያው ብቅል ላይ ሁለተኛ ውሃ አፍስሰው ለቤተሰብና ለሠራተኛ የሚሆን ቀላል ቢራ ያወጡ ነበር። አተላው ለከብት መሰጠቱም እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ጭሱ

ጋን ሲታጠን ቆሞ ያላየ ሰው ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ያንብበው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ውስጡ እየታሸ ይታጠባል፤ ግራዋው ራሱ መራራ ነው። ገል ላይ ፍም ይደረጋል፣ በፍሙ ላይ የወይራ ፍልጥ ይጨመራል፣ ጋኑ በላዩ ይደፋል። ጭሱ መጀመሪያ በጠርዙ ሥር ነጭ ሆኖ ይሾልካል፤ ቆይቶ ይቀጥናል፣ ወደ ሰማያዊም ይወስደዋል። ጠማቂዋ የጋኑን ሆድ በመዳፏ ትዳስሳለች። ሸክላው ለእጅ ሲሞቅ ይበቃዋል። ከፍ ሲደረግ የሚወጣው ሽታ ጭስ ብቻ አይደለም፤ ጣፋጭነትም አለበት።

ጭሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። በውስጡ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሸክላው ላይ ያሉ ጎጂ ተህዋስያንን ያዳክማሉ፣ ሙቀቱም እርጥበቱን ያደርቃል። ቀጥሎም እነዚያው ፌኖሎች ወደ ጠላው ገብተው መዓዛ ይሆናሉ። ደቡብ ጀርመን ውስጥ ባምበርግ የምትባል ከተማ የጭስ ቢራ በማውጣት ትታወቃለች፤ እነሱ የሚያጥኑት ዕቃውን ሳይሆን ብቅሉን ነው፣ እንጨታቸውም ቢች የተባለ ዛፍ ነው። ጭሱ በእህሉ ስላለፈ ቢራው የተጠበሰ ሥጋ እስከማስታወስ ይደርሳል። ቢራ ጭስ ጭስ ሲል የተበላሸ የሚመስለው ቀማሽ በዓለም ላይ ብዙ ነው። የጎጃም ሰው ከዚያ ቢራ ፊት ቢቀርብ ግን የሚያማርረው ወይራ አለመሆኑን ብቻ ይመስለኛል።

ጌሾና ሆፕስ

ስኳር ብቻ ያለው መጠጥ ያሰለቻል፤ ለባክቴሪያም የተመቸ ነው። ሁለቱንም ለመቋቋም መራራ ተክል ይገባል። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን የልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠሎች ድብልቅ ይጨምሩ ነበር፤ በኋላ ግን ሆፕስ የተባለው ሐረግ አበባ ሁሉንም ተካ። እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫሪያ መስፍን ዊልሄልም አራተኛ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት አዘዘ። እርሾ በትእዛዙ ውስጥ የለም፤ ምንነቱን ማንም አያውቅም ነበርና። በዚያ ትእዛዝ ጠላ ቢራ አይባልም። ለእኛ ግን የባቫሪያ መስፍን ትእዛዝ ምናችን ነው?

በሁለቱ ተክሎች መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት አሁንም እሳት ላይ ነው። ጌሾ ቅጠሉም እንጨቱም ምሬቱን ለቀዝቃዛ ውሃ ይሰጣል፤ ቅጠሉ ተወቅጦ ለጥንስሱ፣ እንጨቱ ለድፍድፉ ይውላል፣ መፍላት አያስፈልገውም። ሆፕስ ግን አልፋ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገሩ በፈላ ውሃ ውስጥ ቅርጹ ካልተለወጠ በደንብ አይመርም። የተለመደው አንድ ሰዓት ማፍላት ነው። እዚህ ላይ ለደገኛ የተለየ ጉዳይ አለ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ከባሕር ጠለል አጠገብ ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር በምትጠጋው ደብረ ማርቆስ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። በዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት የሆፕሱ ምሬት የሚወጣው በዝግታ ነው። በውጭ መጽሐፍ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ የተከተለ የደብረ ማርቆስ ጠማቂ ቢራው ከተጻፈው ያነሰ ቢመረው አይግረመው፤ ወይ ማፍያውን ያራዝም፣ ወይ ሆፕሱን ይጨምር።

ሆፕሱ እሳቱ ሊወርድ ሲል ወይም ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ ሲገባ ምሬቱን ሳይሆን መዓዛውን ይሰጣል። አይፒኤ በሚባለው ቢራ ውስጥ የሎሚ ልጣጭ፣ የብርቱካን ወይም የጥድ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ፍራፍሬ የተጨመረበት የሚመስለው ሰው አይጥፋ። አንድ ጉድለትም አለበት፦ የሆፕስ ምሬት ብርሃን ሲያገኘው ደስ የማይል ሽታ ይፈጥራል፤ ብዙ የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። ሆፕስ የሌለው ጠላ ይህ ጣጣ አያገኘውም።

እርሾው፣ ብርዱና ኮምጣጤው

ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1876 ሲያሳትም፣ መብላላት፣ ማለትም መጠጡ ያለ እሳት በእርሾ መፍላቱ፣ የሕያዋን ተህዋስያን ሥራ መሆኑና ቢራን የሚያበላሹትም ሌሎች ተህዋስያን መሆናቸው ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለይቶ ብቻዋን ማራባት ቻለ። ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እርሾ ሁለት ዋና ወገን አለው። የመጀመሪያው ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው፣ ፈጥኖ ይሠራል፤ ከዚህ የሚወጣው ቢራ ኤል ይባላል። እየሠራ ፍራፍሬ የሚሸቱ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያወጣ ኤል መዓዛው ይበዛል። የጀርመን የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ የሚሸተው ሙዝም ቅርንፉድም ገብቶበት ሳይሆን እርሾው ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ወገን ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ብርድ በዝግታ ይሠራል፣ ከዚያም ለሳምንታት በቅዝቃዜ ይቆያል፤ ላገር ማለት ይኸው ነው። ዝግታው የፍራፍሬውን ሽታ ስለሚቀንስ የእህሉና የሆፕሱ ጣዕም ብቻ ጠርቶ ይቀራል። የላገር እርሾ የሁለት እርሾዎች ድቅል ሲሆን፣ ብርዱን የሚችለውን ወላጅ ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ ፓታጎኒያ ጫካ ውስጥ ማግኘታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ጠላ በዚህ ሚዛን የኤል ወገን ነው፤ ነገር ግን ብቻውን የሚሠራ እርሾ የለውም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከሸክላው ቀዳዳ የሚመጡ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይገቡበታል። መጀመሪያ እርሾው ይበረታል፤ ቀናት ሲያልፉ ባክቴሪያው ኮምጠጥ ያደርገዋል። ቤልጅግ ውስጥ ብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባለው ቢራ የሚሠራውም ከአየሩና ከእንጨት በርሜሉ በሚመጡ ተህዋስያን ነው፤ እነሱ ግን ኮምጣጣነቱን ፈልገው እስከ ሦስት ዓመት ያስቀምጡታል፣ አሮጌውንና አዲሱን ቀላቅለውም በውድ ዋጋ ይሸጡታል። እኛ «ኮመጠጠ» ብለን ለአረቄ የምናስበው፣ እነሱ በቀጭን ብርጭቆ የሚያቀርቡት ሆኖ ተገኘ።

ሁሉም ኮምጣጣ ግን አንድ አይደለም። የላክቲክ አሲድ ኮምጣጣ የእርጎ ዓይነት ነው፤ ለስለስ ይላል። አፍንጫ የሚወጋው የሆምጣጤ ኮምጣጣ ደግሞ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ይህን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ። የጋኑ አፍ የሚመረገው አየሩን ለመዝጋት ነው። ሲቀዳ ሲከደን የዋለ ጋን በሦስተኛው ቀን አፍንጫ መውጋት የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

መቅመስ

ጠላ የምትቀዳ እናት አስቀድማ ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትጠጣለች። ልማዱ ለእንግዳው መተማመኛ ለመስጠት ነው፤ ለቀማሽም ትምህርት አለው፦ ትንሽ፣ ሞቅ ባለ መዳፍ፣ በአፍንጫ አጠገብ። ቢራ በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይደበቃል። ላገሩ ቀዝቅዞ ቢጠጣ አይጎዳውም፤ ጥቁሩንና ኮምጣጣውን ግን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። ከጠርሙሱ አፍ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሽታውን አያገኘውም፤ ወደ ብርጭቆ ይገልብጠው።

መቅመስ ለመለማመድ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሶፊ ማልት ይቅመሱ፤ አልኮል የሌለው የብቅል ጣዕም ምን እንደሆነ ይይዛሉ። ቀጥሎ ማንኛውንም ላገር፤ ያ ጣፋጭነት የት እንደገባ ይጠይቁ፤ እርሾው በልቶታል። ስታውት ካገኙ ሦስተኛ ያድርጉት፣ ከዚያም በጥቁር አሻሮ የተሠራ ጠላ ያስቀዱ። ሁለቱ ጥቁሮች ምጣዳቸው ይቀራረባል፣ ምሬታቸው ግን ይለያያል፤ የስታውቱ ምሬት የሚመጣው ከሆፕሱና ከተቆላው ገብስ ሲሆን የጠላው በብዛት ከጌሾው ነው። ጌሾ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ ይቆያል። ጉሽ ጠላና የጠለለ ጠላ ጎን ለጎን ማድረግም ያስተምራል፤ ጉሹ ውስጥ እርሾው ገና አልወረደም፣ ስለዚህ ዳቦ ዳቦ ይላል። የጠላ አልኮል በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ስለሆነና ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ለመቅመስ ሽክና ሙሉ አያስፈልግም።

በቤት ለመሞከር

ሆፕስ በየገበያው አይሸጥም፤ የአገራችን ፋብሪካዎችም ከውጭ ያስገቡታል። የቢራ ብቅል ፋብሪካ በአሰላና በጎንደር ቢኖርም ለጥቂት ኪሎ የሚሄድበት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙከራው ካለው ነገር ቢጀመር ይሻላል። አንድ ድፍድፍ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ለአንዱ ፈዘዝ ያለ፣ ለሌላው የጠቆረ አሻሮ፤ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ውሃውና ቀኑ እኩል። ወይም አሻሮው አንድ ሆኖ አንዱ ዕቃ የታጠነ፣ ሌላው ያልታጠነ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ቀኑንና መጠኑን በደብተር መያዝም ይገባል፤ እናቶቻችን በእጃቸው የያዙትን እኛ ጀማሪዎች በጽሑፍ ካልያዝነው ያመልጠናል።

የከተማ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ማታ ቀድቶ ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ወይም ማፍላት ያስፈልጋል፤ ክሎሪን ከጭሱና ከእህሉ ፌኖል ጋር ሲገናኝ የሐኪም ቤት ሽታ ይሰጣል። ዕቃው የምግብ ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይም ሸክላ ይሁን፤ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል አይሆንም። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሊነካ ስለሚችል ዕቃውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁሞ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ይረዳል። የደብረ ማርቆስ ሰው ይህ አያሳስበውም፤ የሌሊቱ ብርድ ሥራውን ቢያዘገይበት ነው። የቢራ እርሾ ያጣ ሰው በዳቦ እርሾ ቢጀምር ይሠራለታል፤ የዳቦውና የኤሉ እርሾ አንድ ዝርያ ናቸው፣ የዳቦው ግን ቶሎ አይጠልም።

የአልኮሉን መጠን ማወቅ ለሚፈልግ ሃይድሮሜትር የሚባል፣ ስኳር ያለበት ውህድ ከንጹሕ ውሃ (1.000) ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ አለ። መሣሪያው የሚሠራው ስኳሩ ቀድሞ ወጥቶ በተጣራ ውህድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለድፍድፍ አይሆንም፣ በፋብሪካው ዘዴ ለሚጠምቅ እንጂ። እርሾው ሥራ ከመጀመሩ በፊት 1.050 ያነበበ፣ ካበቃ በኋላ 1.010 ቢያነብ፣ ልዩነቱን በ131 ሲያባዛው 5.2 በመቶ ገደማ ያገኛል።

በጠርሙስ ማሸግ የሚፈልግ ሰው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው። ቢራው አረፋ እንዲኖረው ሲታሸግ ለአንድ ሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር ይጨመራል፤ በውስጡ የቀረው እርሾ ይበላውና ጋዙ ይታመቃል። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከታሸገ ግን ጋዙ ከልክ ያልፋል፣ ጠርሙሱም ይፈነዳል፤ የመስታወት ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል። ጠላን እንዳለ በመስታወት ማሸግ የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙና ባክቴሪያው ገና ሥራ ላይ ናቸው። መሞከር ካለበት በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፤ ከላይ አራት ጣት ያህል ይጉደል፣ ጠዋትና ማታ በእጅ ይጨመቅ፣ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ክዳኑ ቀስ ተብሎ ተከፍቶ ይተንፍስና ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ።